የቱሉ ዲማ ችካሎች

መጋቢት 25 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ሮቤ

ትናንት ቱሉ ዲማ ላይ ሃያ አራት ችካል ስንተክል ዋልን። ዛሬ መዳፌ ውሃ ቋጥሮ እስክሪብቶ መያዝ አቅቶኛል። ስለ አፈር ለሁለተኛ ዲግሪ እማራለሁ የሚል ሰው እጁ በአንድ ቀን መዶሻ እንዲህ ሲሆን ያሳፍራል። ጀሊል አይቶ ፊቱን አዙሮ ሳቀ። ጀሊል የገበሬ ማኅበሩ ከእኔ ጋር እንዲሠራ የመደበው የተራራው ሰው ነው፤ አርባ ሊሞላው ነው፣ ትንሽ ተናግሮ ብዙ ያዳምጣል።

ሥራው ቀላል ነው። ችካሉ ቀይ ቀለም የተቀባ የጽድ እንጨት ነው፤ ከአፈር በላይ መቶ ሚሊ ሜትር ብቻ እንዲታይ አድርገን በእንጨት መዶሻ መትተን ቀበርነው። ዝናብ አፈሩን ጠርጎ ከወሰደ የሚታየው ይረዝማል፤ አፈር መጥቶ ከተከማቸ ያጥራል። እኔ በየማክሰኞው ወጥቼ በማስመሪያ እለካለሁ። ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ያሉት የጀሊል እናት የአዴ ቀመር የገብስ ማሳ ላይ፣ ከመኪናው መንገድ ፊት ለፊት ናቸው። የቀሩት ከተራራው ጀርባ ናቸው። አዴ ቀመር በማሳቸው መሐል ሳይታረስ የሚተዉት የሣር መስመር አለ፤ ከቅድመ አያት የመጣ ልማድ ነው። የኮሌጁ አማካሪዬ ዶክተር ተክለማርያም ያ ሣር አፈር እንደሚይዝ በቁጥር አሳየኝ ብለውኛል። ካሳየሁ እመረቃለሁ፤ ምናልባትም ውጭ አገር እላካለሁ። ካላሳየሁ ፍቼ ገብቼ ለእናቴ ምን እንደምላት አላውቅም።

ፈቃዱን የሰጡን የማኅበሩ ሊቀመንበር ናቸው። አዴ ቀመር ደጃፋቸው ላይ ቆመው ሲያዩን ዋሉ። በኦሮምኛ "አካም ጅርቱ" ብዬ ሰላም ብላቸው "ነጋ" አሉኝ፤ ዓይናቸው ግን ከችካሉ አልተነሣም።

ከሰዓት በኋላ ከሰነቴ ደጋ በኩል ጉም ወርዶ ተራራውን አለበሰው። ቀያዮቹ ችካሎች አንድ በአንድ ጠፉ። የመጨረሻው ሲጠፋ ደስ አለኝ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ተኝቼ ደግሞ ችካሎቹ ተሰልፈው ሲሄዱ በሕልሜ አየሁ። ወዴት ነው ብላቸው አንዱ ዘወር ብሎ ማስመሪያዬን ቀማኝ።

ሚያዝያ 1፣ ማክሰኞ

በችኮላ። ጭቃው ጉልበት ይደርሳል። የአዴ ቀመር ማሳ በአማካይ 97። አጠረ ማለት አፈር መጣ ማለት ነው! የጀርባዎቹ 101፣ አንዳንዱም 102። ሣሩ ይይዛል። ሁለት ጊዜ ለካሁ። ጀሊል ጥሩ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እጁን ይዤ ሳልዘል አልቀረሁም፤ እናቱ ከደጃፋቸው እያዩኝ እንደነበር ኋላ ነው ያየሁት።

ሚያዝያ 9

ትናንት 91። የጀርባዎቹ 103። ሠንጠረዡን በጥሩ ጽሕፈት ገልብጬ፣ ከሥሩ በቀይ አስምሬ ግድግዳዬ ላይ ሰቀልኩት። ተኝቼም ይታየኛል። ዛሬ አፈሩ ከታች ወደ ላይ ሲወጣ አለምኩ፤ በጎች እንደሚወጡ ቀስ ብሎ፣ ሣሩ ጋ ሲደርስ ቁጭ እያለ።

ከዶክተር ደብዳቤ መጣ። ሦስት መስመር ብቻ። "አፈር ቸኩሎ አያውቅም። እስክመጣ ድረስ ቁጥሩን ለማንም አታሳይ። ሻይ ቤት ውስጥም ቢሆን።" የመጨረሻዋ ሐረግ አበሳጨችኝ። ልጅ አደረጉኝ።

ሚያዝያ 16

ትናንት 88።

የቤት አከራዬ ወይዘሮ አባይነሽ ከግቢው ፊት ሻይ ቤት አላት። ማታ ማታ እዚያ እቀመጣለሁ። ሰሞኑን ወሬው ሁሉ የመንደር ምሥረታ ነው። በየተራራው ተበታትኖ ያለው ቤት ፈርሶ በመስመር በመስመር እንደገና ሊሠራ ነው። ገሰራ መንገድ ላይ ያሉት ጀምረዋል። አባይነሽ እንደነገረችኝ መጀመሪያ ችካል መጣ፣ ከዚያ ገመድ የያዙ ሰዎች መጡ፣ በአርባ ቀኑ ጣራ ወረደ። ችካል የነቀለ ይታሰራል ተብሎም በየማኅበሩ ተነግሯል። ለእኔ ደግ ነው፤ የኔንም የሚነካ አይኖርም።

የዘመቻው ኮሚቴ አባል ጓድ ሸዋዓለም ጠረጴዛዬ ላይ መጥቶ ተቀመጠ። በእኔ ዕድሜ ነው፣ ካኪው የተተኮሰ፣ አነጋገሩ ለስላሳ። ሰው የሚሰፍረው አፈሩ በማይሄድበት ቦታ ቢሆን ይመኛል፤ ስለዚህም ምሁር ማማከር ይፈልጋል። እኔን ምሁር አለኝ። ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ፣ እኔም በጠቅላላው አጫወትኩት። እስክሪብቶ ቢያጣ አዋስኩት። ጨዋ ሰው ነው።

ከሄደ በኋላ አባይነሽ ብርጭቆ እያነሣች "ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል" አለች። ማንን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ሚያዝያ 30

ዶክተር መጥተው ሄዱ። ትናንት አብረን ወጣን። ሃምሳ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ዳገቱን ከእኔ ቀድመው ወጡ። ውጤቱ 85 ነበር። እንኳን ደስ ያለህ እስኪሉኝ ጠበቅሁ፤ እሳቸው ግን ቁጥር 7 ጋ ተንበርክከው የችካሉን አናት በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ቀለሙ ተላልጧል፣ እንጨቱም ጫፉ ላይ ትንሽ ተሰንጥቋል።

"መዶሻችን የእንጨት ነበር አይደል?" አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ቀና ብለው የአዴ ቀመርን ቤት፣ ከዚያም መንገዱን አዩ። ከመጡበት ላንድሮቨር የቀለም ጣሳ አስመጥተው የአሥራ ሁለቱንም አናት በራሳቸው እጅ ቀቡ። ዝናብ ቀለሙን አበላሽቶታል አሉ። እንዲህ ጥንቁቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ጀሊል ባርኔጣውን አውልቆ ቆሞ ያያቸው ነበር። የጀርባዎቹን ግን አልቀቡም።

ሲሄዱ ቁጥሩን ለማንም አላሳየህም አይደል ብለው ጠየቁኝ። አላሳየሁም አልኩ። አላሳየሁም። በቃል ማውራት ማሳየት አይደለም።

ግንቦት 14

ሮመዳን ገባ። ጀሊል እየጾመ ከእኔ ጋር ዳገት ሲወጣ ያሳዝነኛል። ትናንት 82። "ደስ አለህ?" አለኝ። ዘወትር ይህን ነው የሚጠይቀኝ። ደስ ብሎኛል አልኩት፤ ግን እንደ መጀመሪያው አይደለም። አፈር እንዴት እንዲህ ይመጣል? ከየት? ከላይ ያለው እኮ ድንጋይ ነው። ሳስበው ራሴን ያመኛል፣ ስለዚህ አላስበውም።

ግንቦት 24፣ ቅዳሜ



ማክሰኞ ዕለት ማስመሪያዬን ከማሳው ዳር ካለው የኮሶ ዛፍ ሥር ረስቼ ኖሮ ዛሬ ጠዋት ብቻዬን ወጣሁ። ጉሙ ከመሬት አልተነሣም። ገብሱ ጉልበቴ ድረስ ደርሷል፣ ጤዛው ሱሪዬን አራሰው። ማስመሪያዬን አግኝቼ ኮሶው ሥር አረፍ አልኩ። ከታች ውሃ ይሰማል፣ ላም ትሰማለች፤ የሚታይ ግን አልነበረም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ መሞት አይከብድም ብዬ አሰብኩ። ጥ፣ ጥ፣ ጥ ሲል ግንደ ቆርቁር መሰለኝ።

ጉሙ ገለጥ ሲል አዴ ቀመርን አየሁ። ቁጥር 7 ፊት ተንበርክከዋል፤ ስግደት መስሎኝ ፊቴን ላዞር ነበር። በእጃቸው ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ይዘዋል። ችካሉን ሦስት ጊዜ መቱት። በጣታቸው ለኩት። ቀና ብለው ወደ መንገዱ አዩ፣ በሻሻቸው ጫፍ አናቱን ጠረጉና ወደ 8 ሄዱ።

አልጠራኋቸውም። ጉሙ መልሶ ሸፈናቸው፤ ድምፁ ብቻ ቀረ። እስከ 12 ድረስ ቆጠርኩ።

ስለዚህ የመጣ አፈር የለም። ቅንጣት አልመጣም። ሁለት ወር ሙሉ የለካሁት የአንዲት ሴትዮ ክንድ ነው። ዶክተር በአውራ ጣታቸው አይተውት ነበር፤ ቀለሙም የድንጋዩን ምት ለመሸፈን እንጂ ለዝናቡ አልነበረም። መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ ስለ አዴ ቀመር ቢሆን ኖሮ እንዴት ጥሩ ነበር። መጀመሪያ የመጣብኝ ዲግሪዬ ነው። ቤት ገብቼ ሠንጠረዡን ከግድግዳው አወረድኩት።

ግንቦት 27፣ ማክሰኞ

ለጀሊል ነገርኩት። አልደነገጠም። እጄን ይዞ እናቱ ጋ ወሰደኝ። አዴ ቀመር ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ገብስ ይለቅማሉ፤ ከንፈራቸው በጾሙ ደርቋል። አልካዱም። እንዲህ አሉኝ፦

"ማዶ መጀመሪያ ችካል መጣ፣ ኋላ ቤት ፈረሰ። ከመንገድ የሚታይ ችካል ሰው ይጠራል። የነቀለ ይታሰራል አሉን፤ እሺ፣ አልነቀልንም። ወደ ታች የመታ ይታሰራል ያለ ግን የለም፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ።"

ይህ ለአፈር መለኪያ እንጂ ለመንደር አይደለም ብዬ እንዳልነገርኳቸው ትዝ አለኝ። ለሊቀመንበሩ ነበር የነገርኩት። ጀሊል ነግሯቸው ነበር፤ እሱን ደግሞ መንግሥት አታለለው ብለው አላመኑትም። ታዲያ ለምን በአንድ ቀን አልቀበሩትም ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ጀሊል ቁጥሩ ሲያንስ ደስ ይለዋል አለኝ። ስትዘልም አየሁህ። እናትህ ሩቅ ናት፤ ትንሽ ትንሽ ደስ ይበልህ ብዬ ነው።"

መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ሳቁ መሐል ላይ ሌላ ነገር ሆነብኝና ለማስመሰል ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ። ጀሊልም ሊነግረኝ አስቦ እንዳፈረ፣ እንዲያ ደስ ብሎኝ እያየ አፉን መክፈት እንዳቃተው ነገረኝ።

ብናገር ለመንግሥት የተተከለ ነገር ነካች ተብለው ይከሰሳሉ፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ ክስ ቀላል አይደለም። ዝም ብል የመመረቂያ ጽሑፌ ውሸት ነው። አንድ ወር ልጠብቅ። ምናልባት ዶክተር አንድ መላ ይፈጥራሉ።

ሰኔ 5

ጀሊል በዝናብ ሮቤ ድረስ በእግሩ መጣ። የኮሚቴው ሰዎች ትናንት ቱሉ ዲማ ወጥተው የአዴ ቀመርን ማሳ በገመድ ለኩት። ሰባ ሁለት ቤት። ገብሱ ሳይታጨድ ነው የሚጀምሩት። ለምን እዚህ ሲሉ ማኅበርተኞቹ፣ አፈሩ እንደማይሄድ በጥናት ተረጋግጧል ተባሉ። ጓድ ሸዋዓለም ወረቀት ይዞ ነበር፤ 97፣ 91፣ 88 የሚል።

ሴትዮዋ ሰው እንዳይመጣባቸው ችካል ደበቁ፤ ሰዎቹ የመጡት በተደበቀው ችካል ቁጥር ነው። ያ ዳገት ደግሞ ሰባ ሁለት ቤት ቢሠራበት፣ ሣሩ ቢገፈፍ፣ በሁለት ክረምት ድንጋይ ብቻ ይቀራል። ይህን ለማወቅ ችካል አያስፈልግም።

ቁጥሩ እንዴት እንደደረሳቸው አላውቅም። ሮቤ ትንሽ ከተማ ናት።

ሰኔ 8

ለዶክተር ስልክ ደወልኩ። መስመሩ ይቆራረጣል። የአዴ ቀመርን ነገር ስጀምር "አውቃለሁ፣ በስልክ ስም አትጥራ" አሉኝ። ጎባ ለስብሰባ መጠራታቸውን ነገሩኝ፤ ጥናቱን እንዲያረጋግጡ ነው። ከዚያ ቁጥሩ እንዴት ወጣ ብለው ጠየቁ።

አላውቅም አልኩ። ሰኔ 18 ጎባ እንገናኝ ብለው ስልኩን ዘጉት። 

ሰኔ 13

ኢድ። አዴ ቀመር በጀሊል እጅ ዳቦ ላኩልኝ። ሳልቀምሰው ለአባይነሽ ሰጠኋት።

ሰኔ 19

ትናንት ጎባ ዋልን። ማክሰኞ ሳልለካ ያለፈኝ የመጀመሪያው ነው።

ማለዳ ስንገናኝ ለዶክተር አንድ ነገር አልኳቸው። ችካሎቹ ይጸኑ ብዬ በየሳምንቱ የመታሁት እኔ ነኝ እላለሁ፤ ጀማሪ ነኝ፣ ይታመናል። ሌሊቱን ሙሉ አጥንቼው ነበር። ዶክተር ባርኔጣቸውን አራግፈው "እስኪ እናያለን" አሉ።

አዳራሹ ውስጥ ሠላሳ ሰው ያህል ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ተናጋሪ ሁሉ ይጮኻል። በመስኮቱ ጉሙ ገብቶ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር፤ ሰዎቹም ውሃ ውስጥ እንዳሉ ራቅ ብለው ይታዩኝ ነበር። ጓድ ሸዋዓለም ቁጥሮቹን አነበበ። የኔ ነበሩ፣ እያንዳንዷ። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሮ ጥናቱ ያንተ ነው ወይ አለኝ።

ተነሣሁ። ያጠናሁትን ልናገር ነበር።  ምን ያህል ቆሜ እንደቆየሁ አላውቅም፤ ትንሽ ነው። ምናልባት ጥቂት ቢጠብቁኝ እናገር ነበር።

ዶክተር ክንዴን ይዘው አስቀመጡኝና ቆሙ።

"ቁጥሩ ዋጋ የለውም። ችካሎቹ እንዳይነቃነቁ በየሳምንቱ ይመቱ ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ይህ የኔ ግለ ሂስ ነው። ቦታው አፈሩ የሚሄድ ዳገት ነው፤ ለመንደር አይሆንም።"

ሰብሳቢው ደግመው እንዲናገሩ አደረጋቸው። ደገሙት። ሃያ አምስት ዓመት አፈር ያስተማረ ሰው መለኪያውን በመዶሻ ይመታል! አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ከኋላዬ አንዱ "ፊደል የቆጠረ ደንቆሮ" ሲል ሰማሁት። እሳቸው ባርኔጣቸውን ይዘው ሳቁ እስኪያልቅ ቆሙ። እኔም ፈገግ ያልኩ ይመስለኛል። ሁሉም ሲስቅ ፊቴ የሄደበትን አላወቅሁም።

ቱሉ ዲማ ተሰረዘ። መንደሩ ከታች ሜዳው ላይ፣ መንገዱ ዳር ይሆናል። ስለ ዶክተር ለኮሌጁ ደብዳቤ እንዲጻፍ ተወሰነ።

ስንወጣ ከንቱ ነገር ጠየቅኋቸው፤ የኔ ጽሑፍ ምን ይሆናል አልኩ። ካፊያው ውስጥ ቆመው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። "ከመቶ ጀምር። በዚህ ጊዜ ግን መጀመሪያ ባለቤቷን አስፈቅድ" አሉኝና መኪናው ውስጥ ገቡ።

ሰኔ 22

ደብዳቤ ጻፍኩላቸው። ቀደድኩት።

ሰኔ 28

እንደገና ጻፍኩ። ፖስታ ቤት ደጃፍ ደርሼ ተመለስኩ። ዝናብ ነበር።

ሐምሌ 4

ወሬ ሰማሁ፤ ዶክተርን ከክፍል ኃላፊነታቸው አንሥተዋቸዋል። የመስክ ሥራም እንዳይመሩ ተከልክለዋል። አባይነሽ ሻይ ስትቀዳልኝ ፊቴን አይታ ምነው አለችኝ። ምንም አልኩ። "ያ ካኪ ለባሽ ሲጽፍ ቁጥሩን ታነብለት የነበርከው አንተ አልነበርክም?" አለችኝ። ለወቀሳ አልነበረም፤ ዝም ብላ ጠየቀችኝ።

አዎ። እኔ ነኝ። ማስመሪያ ላይ እንደማነበው፣ ቁጥሩን አንድ በአንድ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩለት። ምሁር ስላለኝ ነው። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ሐምሌ 9፣ ማክሰኞ

ዛሬ ቱሉ ዲማ ወጣሁ። የአዴ ቀመር ቤት ፈርሷል፤ ማሳው ቢተርፍም እሳቸውም ወደ አዲሱ መንደር መውረዳቸው አልቀረም። ማገሩን ጀሊልና ጎረቤቶቹ ተሸክመው ወደ ሜዳው ሲያወርዱ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ቤቱ ከነበረበት ክብ ሆኖ የቀረ ደረቅ መሬት አለ፤ አዴ ቀመር እሱ ላይ ተቀምጠው ማሳቸውን ያያሉ። ገብሱ ነጥቷል። እየተመላለስኩ አርሰዋለሁ አሉኝ።

እንደገና ችካል ልተክል እፈልጋለሁ፣ ይፈቅዱልኛል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነ፣ ስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ ሁሉንም ከመጀመሪያ ነገርኳቸው። ብዙ ጠየቁኝ። ቁጥሩ ቢያድግ ታዝናለህ አሉኝ። አዝናለሁ፣ ግን እንዳይነኩት አልኳቸው። ተነሥተው በማሳው ዳር መሩኝ፤ እዚህ ጎርፍ ይመጣል፣ እዚያ አይመጣም፣ እዚህ አባቴ ድንጋይ ቀብሯል እያሉ አሥራ ሁለት ቦታ አሳዩኝ። ከእኔ ቦታዎች ጋር የገጠመው ሁለቱ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ችካል በራሳቸው ድንጋይ መቱት። እኔ ማስመሪያውን ይዤ መቶ ላይ ሲደርስ በቃ አልኩ።

ያ ባርኔጣ ያለው ሽማግሌ የት ሄደ ብለው ጠየቁኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ አዳራሹ ነገርኳቸው። ስለ ሻይ ቤቱም ነገርኳቸው፤ ማሳቸውን ለገመድ የሰጠሁት እኔ እንደሆንኩ። መሬቱን እያዩ ሰሙኝ። ስጨርስ ተነሥተው ከዕቃቸው መሐል አንድ ክዳን ያለው ሙዳይ አወጡ። ጩኮ ነው፤ የገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ፣ ለቤት ምርቃት ብለው ያዘጋጁት።

"ለሱ አድርስልኝ። እስክትደርስ አትክፈተው" አሉ።

 ይቅር አላሉኝም፣ አልረገሙኝምም።

ሙዳዩ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ከደብዳቤው አጠገብ ነው። ክፍሉ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ደብዳቤ በፖስታ ይላካል፤ ጩኮ ግን በፖስታ አይላክም። ከሰው እጅ ለሰው እጅ ነው የሚሰጠው፣ ሲሰጥም ፊት ለፊት ተቀምጦ ማን እንደላከውና ለምን እንደላከው መናገር ግድ ነው። የሚቀጥሉትን ማክሰኞዎች ጀሊል ይለካልኛል። ነገ ከሮቤ በሚነሣው የመጀመሪያው አውቶቡስ እሄዳለሁ።